ያሳደጉትን ማስቀረት ወይስ መሸኘት? የኤንኤፍኤል የመከላከያ መስመር ተጫዋቾች የንጽጽር መመሪያ

በ2025 የውድድር ዘመን ማገባደጃ ላይ ነው። እሁድ እኩለ ቀን አለፍ ሲል፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የሐበሻ ካፌ። በአንዱ ቴሌቪዥን ፕሪሚየር ሊግ ይታያል፤ በሌላው የአሜሪካ ፉትቦል፣ የዋሽንግተን ኮማንደርስ ጨዋታ። ለሁለተኛው ቴሌቪዥን ፊታችንን የሰጠነው እኔና ጋሼ የምላቸው ጎረቤቴ ብቻ ነን። ጋሼ እዚህ አካባቢ ከ35 ዓመት በላይ ኖረዋል። ዋሽንግተን ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ የበላበትን የጥር 1992 ሱፐር ቦውል ትናንት እንዳዩት አድርገው ነው የሚያወሩት። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

የተጋጣሚው ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪው) ኳሱን ይዞ ቆመ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ቢፈልግ የጫማውን ክር ፈትቶ የሚያስርበት ጊዜ ነበረው። ከዚያ ወረወረ። ማንም አልነካውም። ጋሼ ማኪያቶአቸውን ማማሰል ተዉና ወደ እኔ ዞሩ።

«እንደው ንገረኝ፣ እነዚያን አራት ልጆች ምን አደረግናቸው?»

አራቱ ልጆች የሚሏቸው ዋሽንግተን ከ2017 እስከ 2020 በየዓመቱ ከድራፍቱ (ቡድኖች አዳዲስ የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ ከሚመርጡበት ሥርዓት) የመጀመሪያ ዙር የመረጣቸው የመከላከያ መስመር ተጫዋቾች ናቸው። ጆናታን አለን በ17ኛ ምርጫ መጣ። ዳሮን ፔይን በ13ኛ፣ ሞንቴዝ ስዌት በ26ኛ፣ ቼዝ ያንግ በ2ኛ። ሁለቱማ በእጥፍ የቤት ልጆች ናቸው። አለን ሁለተኛ ደረጃ የተማረው አሽበርን፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ቡድኑ ልምምድ የሚሠራበት ከተማ። ያንግ የሜሪላንድ ልጅ ነው። ያን ቀን ካፌ ውስጥ ስንቀመጥ ከአራቱ ቤት የቀረው ፔይን ብቻ ነበር።

የጋሼን ጥያቄ በአንድ ማኪያቶ መመለስ አልቻልኩም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ጉዳዩ የዋሽንግተን ብቻ አይደለም፤ ሠላሳ ሁለቱም ቡድኖች መጋቢት በመጣ ቁጥር ያፋጥጣቸዋል። ያሳደጉት ልጅ ውሉ ሲያልቅ ከፍሎ ማስቀረት ነው ወይስ ሸኝቶ መተካት?

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ

በአሜሪካ ፉትቦል ከአሥራ አንዱ ተከላካዮች ፊት ላይ፣ አንድ እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው የሚጠብቁት ሦስት ወይም አራት ግዙፎች የመከላከያ መስመር ይባላሉ። ሥራቸው ሁለት ነው። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ማቆም፤ ኳርተርባኩ ሊወረውር ሲል ደርሶ መጣል። ሁለተኛው ሳክ ይባላል። ገንዘቡ ያለው እሱ ላይ ነው። መሃል የሚቆሙት ታክል ይባላሉ። ዳር ላይ የሚቆሙት፣ ዞረው የሚመጡት፣ ኤጅ ይባላሉ።

አሁን ሒሳቡ። እያንዳንዱ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ገንዘብ ጣሪያ አለው። በ2025 ጣሪያው 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በድራፍት የመጣ ልጅ ለ4 ዓመት የሚፈርመው ውል ዋጋው በደረጃው የተወሰነ ነው። የመጀመሪያ ዙር ከሆነ ቡድኑ 5ኛ ዓመት መጨመር ይችላል። ለምሳሌ ራምስ በ2024 በ19ኛ ምርጫ ያመጣው ጃሬድ ቨርስ የ4 ዓመት ውሉ በጠቅላላ 15 ሚሊዮን አካባቢ ነው። በገበያው ላይ ያሉ ምርጥ ኤጆች ግን በ2025 በዓመት 40 ሚሊዮንን አልፈዋል። እንግዲህ ቡድኑ ለአራት አምስት ዓመት አንበሳውን በበግ ዋጋ ያሠራዋል። ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል።

ፕሪሚየር ሊግ የለመደ ሰው እዚህ ጋ ይደናገራል። እንግሊዝ አገር ከአካዳሚ ያደገ ልጅ ሲሸጥ ገንዘቡ በመዝገብ ላይ ሙሉ ትርፍ ሆኖ ስለሚገባ ቡድኖች የቤት ልጃቸውን ለመሸጥ ይገፋፋሉ። ኤንኤፍኤል ውስጥ ተጫዋች በጥሬ ገንዘብ አይሸጥም። የሚለወጠው በሌላ ተጫዋች ወይም በመጪ ድራፍት ምርጫ ነው። ስለዚህ «ሸጠን ሦስት እንገዛበታለን» የሚባል ነገር የለም። ልጅ ሰጥተህ የምትቀበለው ገና ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሌላ ልጅ ነው።

በአንድ ቀን ልዩነት ሁለት መንገድ

ለዚህ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አሮን ዶናልድና ካሊል ማክ በአንድ ድራፍት፣ በ2014 መጡ። ማክ በ5ኛ ምርጫ ለሬይደርስ፣ ዶናልድ በ13ኛ ለራምስ። ማክ በ2016 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ፤ ዶናልድ በ2017። በ2018 ክረምት ሁለቱም «ካልተከፈለኝ ልምምድ አልመጣም» ብለው ቤታቸው ተቀመጡ።

ነሐሴ 31 ቀን 2018 ራምስ ለዶናልድ 6 ተጨማሪ ዓመት፣ 135 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። 87 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው ነበር። በማግስቱ ሬይደርስ ማክን ለቺካጎ ቤርስ አሳልፎ ሰጠው። በምትኩ ከተቀበለው ውስጥ ዋናዎቹ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ነበሩ። ቤርስ ወዲያው ለማክ 141 ሚሊዮን ከፈለ።

በዚያ ዓመት ዶናልድ ብቻውን 20.5 ሳክ አስመዘገበ። ራምስ ሱፐር ቦውል ደረሰ። ማክ ለቤርስ 12.5 ሳክ አስመዘገበ። ሬይደርስስ? ቡድኑ በሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ 13 ሳክ። ከሊጉ የመጨረሻው። የሸኙት አንድ ሰው ከጠቅላላ ቡድናቸው ጋር እኩል ሠራ ማለት ይቻላል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የዶናልድ ገንዘብ ምን እንደገዛ ማየት የፈለገ የካቲት 2022 የተደረገውን ሱፐር ቦውል የመጨረሻ ደቂቃ ይፈልግና ይመልከት። ራምስ 23 ለ 20 ይመራል። ሲንሲናቲ ኳሱን ይዞ ሜዳው መሃል ደርሷል፤ ኳሱን ይዞ ለመቀጠል የሚያስፈልገው አንድ ያርድ። በሦስተኛው ሙከራ ሯጩ ወደ መሃል ሲገባ ዶናልድ በአንድ ጎን ደርሶ ይዞ አስቀረው። አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ መጣ። አሁን ውርወራ ነው። ዶናልድ ሊያግደው ከፊቱ የቆመውን ተጫዋች በሁለት እርምጃ አልፎ የሲንሲናቲን ኳርተርባክ ጆ በሮውን ወገቡ ላይ ያዘው፣ አሽከረከረው። በሮው እየወደቀ ወረወረ። ኳሱ ማንም የሌለበት ወደቀ። ዶናልድ የራስ ቁሩን አውልቆ ወደ ቀለበት ጣቱ ጠቆመ (ሻምፒዮን ቀለበት ይሸለማል)። በተከታታይ ሁለት ሙከራ፣ አንዱ ሩጫ አንዱ ውርወራ፣ ሁለቱንም ያከሸፈው አንድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በምርጫ ቁጥር አይተካም።

ሚዛናዊ ለመሆን፦ ማክን የገዛው ቤርስም ከእሱ ጋር አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሳያሸንፍ በ2022 ለቻርጀርስ አሳልፎ ሰጠው። ኳርተርባክ ለሌለው ቡድን ውድ የመከላከያ መስመር ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት ውድ ምንጣፍ እንደመግዛት ነው።

ሁለት ወርቅ ሲኖርና የአንዱ ብቻ ዋጋ ሲኖር

የሳን ፍራንሲስኮው ታሪክ ይበልጥ ያመራምራል። የፎርቲናይነርስ የ2019 መስመር አስፈሪ ነበር። ኒክ ቦሳ፣ ዴፎረስት በክነር፣ አሪክ አርምስቴድ፤ ሦስቱም ራሳቸው በመጀመሪያ ዙር የመረጧቸው። ያ መስመር ሱፐር ቦውል አድርሷቸው በካንሳስ ሲቲ ተሸነፉ። በወሩ ሒሳብ መጣ። ለበክነርም ለአርምስቴድም መክፈል አልቻሉም፤ ቦሳም ተራው እየመጣ ነው።

አርምስቴድን በ5 ዓመት 85 ሚሊዮን አስቀሩ። በክነርን ለኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ሰጥተው 13ኛውን ምርጫ ተቀበሉ። ኮልትስ ለበክነር የ4 ዓመት 84 ሚሊዮን ውል ሰጠው። ፎርቲናይነርስ በዚያ ምርጫ አንድ ደረጃ ወርደው በ14ኛ ጃቮን ኪንሎ የሚባል የመሃል ተጫዋች መረጡ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ውዱን ሰጥተህ፣ በዚያው ቦታ የሚጫወት ርካሽ ወጣት ታመጣለህ። ትርፉን ለሌላ ታውላለህ።

በክነር በኮልትስ በመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉ አንደኛ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ። ኪንሎን ጉልበቱ ያሠቃየው ጀመር፤ በ2021 የተጫወተው 4 ጨዋታ ነው። እና በ2023 ፎርቲናይነርስ የመሃሉን ቀዳዳ ለመድፈን ጃቮን ሃርግሬቭን ከፊላደልፊያ አስመጡ። ስንት ከፈሉ? 4 ዓመት፣ 84 ሚሊዮን። ለበክነር አንከፍልም ያሉት ዋጋ፣ ቁጥሩ ሳይዛነፍ። ልዩነቱ ሃርግሬቭ 30 ዓመት የሞላው፣ ሌላ ቤት ያደገ ሰው መሆኑ ነው። አርምስቴድ በ2024 ሄደ። ሃርግሬቭ በ2025 ተሸኘ።

ውሳኔው ስህተት ነበር? ያኔ በ2020 ላይ ሆኜ ብጠየቅ እኔም ያው ነበር የምለው መሰለኝ። ስህተቱ ያለው መሸኘቱ ላይ ሳይሆን ተተኪው ገና ያልመጣ፣ አንድም ቀን በእነሱ ማሊያ ያልተጫወተ ልጅ መሆኑ ላይ ነው። ጉልበቱ ቢከዳው ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ለቦሳ ግን አላመነቱም። በ2023 የ5 ዓመት 170 ሚሊዮን ፈረሙለት። ያ ከሁሉ የቀለለው ውሳኔ ነበር።

መጠበቅ የራሱ ዋጋ አለው

ብዙ ቡድን ማስቀረትም መሸኘትም አይመርጥም፤ ይጠብቃል። ሦስተኛው አማራጭ ይሄ ነው። ስም ስለሌለው አማራጭ አይመስልም እንጂ በጣም ውዱ እሱ ነው።

ካንሳስ ሲቲ ክሪስ ጆንስን በ2016 በሁለተኛ ዙር አገኘው። በ2020 የ4 ዓመት 80 ሚሊዮን ውል ሰጠው። ውሉ አንድ ዓመት ሲቀረው ጆንስ አዲስ ጠየቀ፤ ቡድኑ አቅማማ። የ2023 የመክፈቻ ጨዋታ በካንሳስ ሲቲ ሜዳ ሲካሄድ ጆንስ ሜዳ ሳይገባ፣ ከላይ ካለው የተመልካች ክፍል ሆኖ ይመለከት ነበር። ቡድኑ በዲትሮይት 21 ለ 20 ተሸነፈ። በአንድ ነጥብ። በቀጣዩ መጋቢት የተፈረመለት ውል 5 ዓመት፣ 158.75 ሚሊዮን ሆነ። እዚህ ላይ ግን ቡድኑን አልወቅስም። ጆንስ መሃል ሆኖ ኳርተርባክ የሚያሳድድ፣ ሁለት ሰው የሚመደብበት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ተጫዋች ቢወደድም ይከፈልበታል።

ዳላስ የባሰ ሠራው። ማይካ ፓርሰንስን በ2021 በ12ኛ ምርጫ አመጡ። በየዓመቱ የገበያው ዋጋ ሲወጣ እነሱ ሲጠብቁ፣ ነሐሴ 2025 ላይ የውድድሩ መክፈቻ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለግሪን ቤይ ሰጡት። የተቀበሉት ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫና ኬኒ ክላርክ የሚባል የመሃል ተጫዋች ነው። ፓርሰንስ በዓመት 47 ሚሊዮን ተፈረመለት። ሁለት ወር አለፍ ሲል ዳላስ መስመሩ ሳሳ። ኩዊነን ዊልያምስን ከጄትስ ለማምጣት የ2027 የመጀመሪያ ዙርና የ2026 ሁለተኛ ዙር ምርጫ ከፈለ። በአንድ እጁ የተቀበለውን በሌላው መልሶ ሰጠ። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ያን ቀን ደውሎልኝ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳቀ። የሚስቅ ሰው ድምፅ ግን አልነበረም።

የሚያሳዝነው ፓርሰንስ በታኅሣሥ ጉልበቱን ተጎዳ። እና «ዳላስ ልክ ነበር» የሚል አለ። አይመስለኝም። ጉዳት ዕጣ ነው፤ ውሳኔ ደግሞ የሚለካው በተወሰነበት ቀን በነበረው እውቀት ነው። በዚህ ሥራ ግን ጉዳትን ከሒሳብ ማውጣትም አይቻልም። 130 ኪሎ ሰው በየጨዋታው ሃምሳ ጊዜ ከ140 ኪሎ ሰው ጋር እየተጋጨ ጉልበቱ አይሳሳም ብሎ መፈረም የዋህነት ነው።

መሸኘት ሲያምር

የፊላደልፊያ ኢግልስን የማይወድ ሰው እንኳ (የዋሽንግተን ደጋፊ ነኝ፣ ይገባችኋል) መስመር አያያዛቸውን ማድነቅ አለበት። በየካቲት 2025 ሱፐር ቦውል ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 ሲያሸንፉ ኳርተርባኩን ፓትሪክ ማሆምስን 6 ጊዜ ጣሉት። ከኋላ አንድም ተጨማሪ ሰው ሳይልኩ፣ በመስመሩ ብቻ። ጆሽ ስዌት 2.5፣ ሚልተን ዊልያምስ 2። ሁለቱም ኢግልስ ራሱ መርጦ ያሳደጋቸው ልጆች፤ አንዱ በ4ኛ ዙር፣ አንዱ በ3ኛ።

ከአንድ ወር በኋላ ሁለቱም አልነበሩም። ዊልያምስ በ4 ዓመት 104 ሚሊዮን ኒው ኢንግላንድ ሄደ፤ ስዌት በ76.4 ሚሊዮን አሪዞና። ኢግልስ አልተከራከረም። ምክንያቱ ቀላል ነው። መሃል ላይ ጄለን ካርተርና ጆርዳን ዴቪስ ነበሩ። ሁለቱም የመጀመሪያ ዙር፣ ሁለቱም ገና በመጀመሪያ ውላቸው። ከኋላቸው በ7ኛ ዙር የተገኘው ሞሮ ኦጆሞ ነበር። ተተኪዎቹ ተሸኚው ቤት ሳለ አብረውት ልምምድ ሠርተዋል፣ ተፈራርቀውታል። የመስመር ተጫዋች እንደ ኳርተርባክ ሙሉ ጨዋታ ቆሞ አይጫወትም፤ እየተቀያየረ ነው። ያ መቀያየር ለሚያይ ዓይን ነፃ ፈተና ነው።

ኢግልስም ቢሆን ዳር ላይ ሳስቶ ነበር። ጫማ ሰቅሎ የነበረውን ብራንደን ግራሃምን በጥቅምት መልሰው ጠሩት። በኅዳር ጄለን ፊሊፕስን ከማያሚ በሦስተኛ ዙር ምርጫ አመጡ። መሃሉን አስቀድመው ተክተዋል፤ ዳሩን ግን በበቂ አልተኩም።

አንድ ሌላ ጥቅም አለ። ነፃ ሆኖ የሄደ ተጫዋች ለቡድኑ የማካካሻ ምርጫ ያስገኛል። ከሸኘኸው ያነሰ ከገዛህ፣ በቀጣዩ ድራፍት ከ3ኛ እስከ 7ኛ ዙር መጨረሻ ላይ እስከ አራት ተጨማሪ ምርጫ ይሰጥሃል። ለአንድ ሰው አንድ የሦስተኛ ዙር ልጅ ብዙ አይመስልም። ሚልተን ዊልያምስ ራሱ ግን የሦስተኛ ዙር ልጅ ነበር።

ራምስም በሌላ መንገድ አሳይቶናል። ዶናልድ መጋቢት 2024 ጡረታ ወጣ። ከአንድ ዓመት በፊት በ3ኛ ዙር የመጣው ኮቢ ተርነር በመጀመሪያ ዓመቱ 9 ሳክ ነበረው። በዚያው ሚያዝያ ቨርስን በ19ኛ፣ ብሬደን ፊስክን በ39ኛ ጨመሩ። ቨርስ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተከላካይ ተባለ። ዶናልድን አንድ ሰው አልተካውም፤ ሦስት ሆነው ነው ክብደቱን የተሸከሙት። ልብ በሉ፣ ራምስ ዶናልድን እስከ መጨረሻው ከፍሎ አስቀርቶታል። ማስቀረትም መተካትም በአንድ ቤት፣ ተራ በተራ።

የጎረቤትን ልጅ መግዛት

በዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ የዋሽንግተን ደጋፊን ያማል። በ2009 ዋሽንግተን ቴነሲ ያሳደገውን አልበርት ሄይንስወርዝን በ7 ዓመት 100 ሚሊዮን አመጣ። 41 ሚሊዮኑ በዋስትና። የተጫወተው 20 ጨዋታ ነው፤ 6.5 ሳክ። በ2011 ተላልፎ ተሰጠ። በ2024 ሬይደርስ ክርስቲያን ዊልኪንስን ከማያሚ በ110 ሚሊዮን ወስዶ 5 ጨዋታ አይቶ አሰናበተው።

ሌላ ቡድን ያሳደገውን ሰው ስትገዛ የምትገዛው ያ ቡድን ያላስቀረውን ነው። እነሱ ጉልበቱን፣ ጠባዩን፣ ማክሰኞ ጠዋት ልምምድ ላይ የሚያሳየውን ያውቃሉ። አንተ የምታውቀው ቪዲዮውን ነው። ሬጂ ዋይት አለ እንጂ፣ በ1993 ፊላደልፊያን ትቶ ግሪን ቤይ የገባው። በ4 ዓመቱ ሱፐር ቦውል አሸነፈ፤ በዚያው ጨዋታ 3 ሳክ። ሬጂ ዋይት ግን በየመጋቢቱ ገበያ አይወጣም።

እና እንዴት ይመረጣል?

እኔ መጀመሪያ የማየው ሳክ አይደለም። በውል ማብቂያ ዓመት ሳክ ይጨምራል፤ ሰው ነው፣ ሠርቶ ለመክበር ይሮጣል። የማየው ተጋጣሚው ስንት ሰው እንደመደበበት ነው። በየጨዋታው ሁለት ሰው የሚያዘው ከሆነ እሱ ባይጥልም ጓደኛው ይጥላል። ይህ ዶናልድ ነው፣ ጆንስ ነው። እዚህ ክርክር የለም። ክፈል፤ ውሉ ሁለት ዓመት ሲቀረው ክፈል።

ችግሩ ከእነሱ በታች ያሉት ጎበዞች ናቸው። መጥፎ ያልሆኑ፣ ሁሉም የሚወዳቸው፣ ገበያው ግን እንደ ዶናልድ የሚከፍላቸው። በ2023 ብቻ አራት የመሃል ተጫዋቾች በየቤታቸው ተፈራረሙ። ፔይን 90 ሚሊዮን፣ ዴክስተር ሎረንስ 90፣ ጄፍሪ ሲመንስ 94፣ ኩዊነን ዊልያምስ 96። ዋጋው እንደ ጉልት ገበያ ነው፤ አንዷ ሽንኩርቷን ስትጨምር ሁሉም ይጨምራል። ሽንኩርቱ ግን አንድ አይነት አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ ላይ የምጠይቀው ከኋላው ማን አለ ነው። መልሱ «በድራፍቱ እንፈልጋለን» ከሆነ ያስቀሩት። መልሱ የሚያውቁት ስም ከሆነ፣ ከኋላው አንድ ዓመት የተፈራረቀ ልጅ ከሆነ፣ በክብር ይሸኙት።

ቦታውም ይለያል። ሩጫ ብቻ የሚያቆም፣ መሃል ላይ እንደ ቋጥኝ የሚተከል ሰው በርካሽ ይገኛል። ለእሱ ትልቅ ገንዘብ አልከፍልም። ዳር ላይ የሚሮጡ ውድ ናቸው፤ ግን በየድራፍቱ ይመጣሉ። መሃል ሆኖ ኳርተርባክ የሚያሳድድ ግን ብርቅ ነው። ዕድሜም እንዲሁ። ሁለተኛው ውል ከ25 እስከ 29 ያለውን ጉልበት ይገዛል፤ ሦስተኛው የሚገዛው ትዝታ ነው። ፍሌቸር ኮክስ 12 ዓመት ሙሉ በፊላደልፊያ ተጫውቶ ጨርሷል፤ እሱን አይቶ ሁሉም ኮክስ ይሆናል ማለት ግን አይቻልም።

ወደ ካፌው

ለጋሼ ይህን ሁሉ አሳጥሬ ነገርኳቸው። አለንን በ2021 በ72 ሚሊዮን ማስቀረታችን ልክ ነበር። ፔይንን ጠብቀን፣ በመጨረሻ ዓመቱ 11.5 ሳክ አስመዝግቦ፣ ከዚያ በውድ አስቀረነው። ሞንቴዝ ስዌትንና ያንግን በ2023 ጥቅምት መጨረሻ በአንድ ቀን ለወጥናቸው። ከኋላቸው ማንም አልነበረም። ስዌት በዚያ ዓመት የዋሽንግተንም የቺካጎም የሳክ መሪ ሆኖ ጨረሰ። በአንድ ዓመት፣ ሁለት ቡድን።

«በምትኩስ ምን አገኘን?»

«ለስዌት የሁለተኛ ዙር ምርጫ፣ 40ኛ። እሱን ለፊላደልፊያ ሰጥተን ሁለት ዝቅ ያሉ ምርጫዎች ወሰድን። ማይክ ሴንሪስቲል በአንዱ መጣ፤ እሱ ጥሩ ልጅ ነው።»

«ፊላደልፊያስ በ40ኛው ማንን ወሰዱ?»

«ኩፐር ዲጂንን።»

ጋሼ ዝም አሉ። ዲጂን በሱፐር ቦውሉ ማሆምስ የወረወረውን ኳስ ነጥቆ ነጥብ ሲያስቆጥር አብረን ነበር ያየነው፤ በዚሁ ካፌ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ የፊላደልፊያው ሴኮን ባርክሊ በመጀመሪያ ንክኪው መስመራችንን ሰንጥቆ 60 ያርድ ሲሮጥ፣ 55 ነጥብ ሲገባብን።

አለንን በ2025 መጋቢት አሰናብተን በ3 ዓመት 45 ሚሊዮን ማንን እንዳመጣን ልነግራቸው ነበር። ጃቮን ኪንሎን። ፎርቲናይነርስ በበክነር ፋንታ የመረጡትን። ያኔ እዚያ የነበረው አዳም ፒተርስ አሁን የእኛ ሥራ አስኪያጅ ነው። ተውኩት።

«አሁን ፔይን ቢሆን አንተ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ።

ፔይን ያን ጊዜ 28 ዓመቱ ነበር፤ ውሉ እስከ 2026። ከኋላው በ2024 በሁለተኛ ዙር የመጣው ጆኒ ኒውተን አለ፤ ውሉ እስከ 2027። ለፔይን ረጅም ሦስተኛ ውል አልፈርምም። አንድ ወይም ሁለት ዓመት፣ በመጠነኛ ዋጋ፣ እሺ ካለ። ገንዘቡን ለኒውተን አስቀምጣለሁ። ተጋጣሚ ሁለት ሰው ሲመድብበት ካየሁ ውሉ ሳያልቅ አስፈርመዋለሁ፤ ካላየሁ ሌላ ልጅ አሁኑኑ እፈልጋለሁ። እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው።

በቴሌቪዥኑ ላይ የተጋጣሚው ኳርተርባክ እንደገና ኳሱን ይዞ ቆሟል። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ።

«ግድ የለም» አሉ ጋሼ የቀዘቀዘውን ማኪያቶ አንስተው፣ «ማንም ይሁን፣ ዝም ብሎ አንዴ ይንካልኝ።»